የመኪናው ደረጃና የእህት ልጅ መብት

አልማቲ፣ በሚያዝያ ወር፣ እሑድ ከቀትር በፊት

ውድ አጎቴ ሰይልካን፣

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ብጀምረው ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ ቀልድ ጣል ያደርጉብኛል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስም የደወልኩበት ጉዳይ ከእጄ አምልጦ ይገኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ ጋር የጀመርኩት ቁም ነገር ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው። ወረቀት ግን መሐል ላይ አያቋርጡትም። ስለዚህ እባክዎን የሚጠግኑትን መኪና ለጊዜው ይተዉትና፣ እጅዎን ታጥበው፣ ተቀምጠው ያንብቡኝ። ደግሞም «አንተ በይኝ፣ ሽማግሌ አታድርጊኝ» እያሉ ስንት ጊዜ ቢቆጡኝም፣ እስክሪብቶ ስጨብጥ «እርስዎ» ከማለት ሌላ አይሆንልኝም፤ ይታገሡኝ።

ጉዳዩን ሳላድበሰብስ ልግለጽ። የእህትዎ ልጅ እንደመሆኔ በወጋችን ከእናቴ ወገን ሦስት ጊዜ የፈለግሁትን የመጠየቅ መብት አለኝ፤ እርስዎ ደግሞ እምቢ የማለት መብት የለዎትም። ሁለቱን ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ዛሬ እጠቀምበታለሁ። በመጪው ቅዳሜ ከካራጋንዳ ወደ አልማቲ መጥተው፣ አባቴ ሊገዙልኝ ያሰቡት መኪና በየትኛው ደረጃ እንዲሆን ከአባቴ ጋር እንዲመርጡልኝ እጠይቃለሁ። «ከአባቴ ጋር» የሚለውን አስምሬበታለሁ። በአንድ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ እርስ በርስ እየተነጋገራችሁ ማለቴ ነው።

እዚህ ድረስ ሲያነቡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ጋራዡን አንድ ጊዜ እንደሚዞሩት አውቃለሁ። ይዙሩና ይመለሱ፤ እጠብቃለሁ።

ሊያነሡት የሚችሉትን ተቃውሞ አስቀድሜ ላስወግድ። «መብቱ ለዕቃ ነው እንጂ ለሥራ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። የመጀመሪያውን መብቴን የተጠቀምኩት በርግጥ ለዕቃ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ቤትዎ መጥተን፣ ከውድድር ዋንጫዎችዎ ጀርባ ተወሽቆ የነበረውን የአያቴን ትልቅ የካርታ መጽሐፍ አየሁና ከመደርደሪያው ሥር አልነሣም አልኩ። እናቴ «ነውር ነው፣ ቦታው መልሺው» ስትል፣ እርስዎ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «እትዬ ኩልያሽ፣ ተዪያት! የእህት ልጅ ናት፣ መብቷ ነው። ሦስት ነበራት፤ አንዷን አቃጠለች» አሉ። እኔም ሕጉ የተጻፈ መሆን አለመሆኑን ጠየቅሁዎ። «የተጻፈ ቢሆንማ ጠበቃ ቀጥሬ አመልጥሽ ነበር» አሉኝ። ያ መጽሐፍ ዛሬም አልጋዬ አጠገብ ነው።

ሁለተኛው ግን ሥራ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ አባቴ «መኪና መንዳት ዩኒቨርሲቲ ከጨረስሽ በኋላ» ባሉኝ ክረምት፣ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅሁዎ። ክርክሩን አልረሳሁትም።

«ስሚ፣ መብቱ ለበግ ነው፣ ለፈረስ ነው፣ ለኮርቻ ነው። ማስተማር በየትኛው በረት ነው የሚታሰረው?»

«ዕቃ ብቻ ነው የሚጠየቀው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እርስዎ ተጠያቂው ወገን ነዎት። በራስዎ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችሉም።»

ጎማ ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ በማግስቱም በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ መሪውን ለእኔ ሰጥተው እርስዎ ጋቢና ተቀመጡ። ስለዚህ ሥራም እንደ ዕቃ ሊጠየቅ እንደሚችል ያን ጊዜ ራስዎ ተቀብለዋል። እኔ የሕግ መጻሕፍት አራሚ ሆኜ የምኖር ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ የጸደቀን ነገር መሻር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

አባቴ ያቺን ብርማ መኪና የገዙበትን መስከረም ያስታውሳሉ። የሚያውቅ ሰው አላማከሩም፤ ገበያ ሄደው ራሳቸው መረጧት። ጀርባዋ ላይ «3.5» የሚል ቁጥር ያብለጨልጭ ነበር። በከተማችን ከገዛ ሞተሩ የሚበልጥ ቁጥር ጀርባው ላይ ለጥፎ የሚሄድ መኪና ስንት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ አባቴ ግን አያውቁም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ቁጥር ይዋሻል ብሎ ማሰብ ለእሳቸው የማይታሰብ ነው። የትምህርት ቤት ባልደረቦቻቸውን ሁሉ ጠሩ። እናቴ ባውርሳክ፣ ያን ድቡልቡል ሊጥ፣ ጠበሰች። እንግዳው ሁሉ አዲስ ዕቃ ሲታይ በወጋችን እንደሚደረገው የሆነ ያልሆነውን እየሸለመ መኪናዋን ዞራት። እርስዎ ዘግይተው ደረሱ። ዞሯት፣ ከኋላዋ ቁጢጥ አሉ፣ ቁጥሩ ሥር ጥፍርዎን አስገብተው ጠቅ አደረጉት፤ ተላቀቀ። ቀጥሎ ደረትዎ ላይ ለጠፉትና ተነሡ።

«ጋሼ ዣክሲሊክ፣ ይቺን ለእኔ ይተዉልኝ። እኔም ውስጤ ሁለት ነጥብ አምስት ነው፤ ከውጭ ግን ላምርበት!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቁ። ሌሎቹ ሁሉ ከጨረሱም በኋላ ትንሽ ቆይተው ብቻቸውን ሳቁ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርስዎ ጋር አልተነጋገሩም። እርስዎ ደውለዋል፣ አላነሡም። ከዚያ እርስዎም «ቀልድ ከማያውቅ ሰው ጋር ምን እሠራለሁ» ብለው ተዉት። በቤታችን ስምዎ «ያ የካራጋንዳው ሰውዬ» ሆነ። እናቴ እርስዎን በስልክ ስታነጋግር ወጥ ቤት ገብታ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አባቴ ደግሞ እንዳይሰሙ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። እናቴ ስትስቅ ግን ቀስ ብለው ይቀንሱታል። ይህን እርስዎ አያውቁም ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

በሰኔ ተድሬ ከአባቴ ቤት እሸኛለሁ። እጮኛዬን ማዲን ያውቁታል፤ ታልዲኮርጋን ከተማ የከብት ሐኪም ነው፤ አራት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ስለ ሽኝቱ እንግዶች በተነሣ ቁጥር፣ የእናቴ ወገን ጋ ሲደረስ አባቴን ሳል ይይዛቸዋል፤ እናቴም አንድ ነገር ረሳሁ ብላ ትነሣለች። አጎት የሌለበት የሽኝት ድግስ ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልደፍርም። እኔ ከዚህ ቤት ስወጣ እናቴን ከዚያ ሳልና ከዚያ ቴሌቪዥን ጋር ትቻት መውጣት አልፈልግም። ነገሩ ይህ ነው፤ ሌላ የለውም።

መኪናው ደግሞ እንዲህ መጣ። አባቴ አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ልጄ እናቷን ለመጠየቅ የማንንም ጋቢና አትለምንም» አሉና ይዤ ከምሄደው የሙሽራ ዕቃ ጋር መኪና እንደሚሰጡኝ ነገሩን። ሁለት ሳምንት አንብበው የስፖርት ጠባይ ያላትን መካከለኛዋን የቅንጦት ሴዳን መረጡ። አዲስ፣ ከፋብሪካ የወጣች፣ ማንም ምንም ያልለጠፈባት። ከዚያ በኋላ ግን አንዷ መኪና በአራት ደረጃ እንደምትሸጥ ተረዱና ቀለማቸው ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሄድን፤ አባቴ፣ አክስቴ ቢቢጉልና እኔ። እናቴ «እኔ ከመጣሁ ወንድሜን ጠይቁ እላለሁ፤ እንደዚያ ካልኩ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ፍቺ ይሆናል» ብላ ቀረች።

አባቴ እንደገቡ የመኪናዎቹን ፊት አላዩም። በቀጥታ ወደ ጀርባቸው ሄዱና እያንዳንዱን አርማ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፈትሹ ጀመር። ሻጩ ቫዲም የሚባል፣ ትሕትና ያለው፣ ክራቫቱ ትንሽ ያጠረ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ችግር አለ?»

«የለም። ይሄ የተለጠፈ ነው ወይስ አብሮት የተወለደ?»

«አብሮት የተወለደ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ።

አራቱን ደረጃዎች አስቀድሜ ጎን ለጎን አጥንቻቸው እንደነበር መቼም ይገምታሉ። የመጀመሪያዋ ባዶዋን ናት ለማለት ይቻላል፤ ብትሄድም ስሟን ብቻ ይዛ ነው። ሁለተኛዋ «ምቾት» ትባላለች፤ የሚሞቅ ወንበር፣ የሚሞቅ መሪ፣ ይበቃል። ሦስተኛዋ «ስፖርት» ናት፤ አራቱም ጎማ ይገፋል፣ ፍሬኗ ትልቅ ነው፣ አሞርዛተሯ ጠንካራ ነው፣ ወንበሯ ወገብ ይይዛል። አራተኛዋ «ልዩ»፣ እነ አክስቴ «ፉል ኦፕሽን» የሚሏት፣ ጣሪያዋ መስታወት፣ ወንበሯ የሚያቀዘቅዝና ጀርባ የሚያሽ፣ ክሩስኮቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪን ነው። እኔ ሁለተኛዋን ነበር የመረጥኩት። ምክንያቴንም ለአባቴ አስረዳሁ፤ ከሚያስፈልገን በላይ የምንገዛው ነገር ሁሉ ለሰው ዓይን የተገዛ ነው አልኩ።

«ፍልስፍናውን ለባልሽ አስቀምጪለት» አሉኝ።

አክስቴ ግን «ልዩ» ውስጥ ገብታ በሩን በላይዋ ዘግታ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጮኸች።

«ዣክሲሊክ! ይቺ ናት! ጀርባዬን እያሸችኝ ነው! ሃምሳ ዓመት ባል ይዤ ጀርባዬን ያሸኝ ዛሬ ነው!»

«ቢቢጉል፣ መኪናው እኮ ለአንቺ አይደለም።»

«ልጅቷን ልጠይቅ ስሄድ ማን ሊቀመጥበት ነው ታዲያ? አንተ?»

ቫዲም ምን ማድረግ እንዳለበት ጨንቆት «እሜቴ፣ ሌላም የማሻሻ ዓይነት አለው» አላት። ሌላውንም ሞከረችው። ሳንነግራት ሦስተኛውንም ሞከረችው።

መጨረሻ ላይ ሁለቱን ልንነዳቸው ተስማማን። ቫዲም «የሚነዱት ጋሼ ናቸው?» ሲል አባቴ ቁልፉን ለእኔ አቀበሉኝ። በመጀመሪያ «ስፖርት» ነበረች። አክስቴና ቫዲም ከኋላ፣ አባቴ ጋቢና ሆነው ወደ ተራራው በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሄድን።

አጎቴ፣ ይህን ክፍል እንዴት እንደምጽፍልዎ አላውቅም። መጽሐፍ የምታነብ ሴት ነኝ፤ ከሞተር ድምፅ ጋር የግል ጉዳይ የለኝም። ግን ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ መሪው በእጄ ውስጥ ነፍስ ዘራ። ፍሬኑን ስነካው መኪናዋ የምላትን ሳልጨርስ ሰማችኝ። መታጠፊያው መሐል ላይ ሳላስበው ሳቅሁ። ጮክ ብዬ፣ እንደ ልጅ። ስለ ሰው ዓይንና ስለሚያስፈልገን ነገር ያስረዳሁት ሁሉ እዚያ መታጠፊያ ላይ ወድቆ ቀረ፤ አላነሣሁትምም። አባቴ ዞረው አዩኝና እሳቸውም ሳቁ። ያ ከዚያ መስከረም ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው፣ የእሳቸው የራሳቸው ሳቅ ነበር።

ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከከተማ የፍጥነት ልክ አልፈው የማያውቁት አባቴ!

«የክሩስኮቷን መብራት ተዪው፣ ፍሬኗን ስሚው። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ውስጥ ገብቶማ የቀረው ጸሎት ነው።»

በረዶው ሐይቅ ላይ የነገሩኝ ነው፤ ቃል በቃል።

«አባዬ፣ ይህንን ማን ነገረዎት?»

የመቀመጫ ቀበቷቸውን አጠበቁ። ከኋላ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መጽሐፍ ላይ አነበብኩት።»

«የትኛው መጽሐፍ ላይ?»

«መንገዱን እዪ!»

መንገዱን አየሁ። ግን በሚቀጥለው መታጠፊያ «ሁለት እጅ፣ እንደ ዳቦ ሊጥ ሳይሆን እንደ ወፍ ያዢው» አሉኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ጎማ ከመንገዱ ጋር የሚያወራውን ጆሮሽ ሳይሆን መቀመጫሽ ነው የሚሰማው»። ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር ሁሉ የእርስዎ ነው። ሁሉንም አስቀምጠውታል፤ አንዱንም አልጣሉም።

«ልዩ»ን ስንነዳ ነገሩ ሌላ ሆነ። እንደ ላባ ፍራሽ ናት። አክስቴ ከሁለተኛው መታጠፊያ በፊት ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አንቀላፋች።

ቫዲም በሹክሹክታ «ይኸው፣ ምቾት ማለት ይህ ነው» አለ።

«ነጂዋም ከተኛችልህስ?» አሉት አባቴ።

ስንመለስ ግን አባቴ አልወሰኑም። የልባቸው «ስፖርት» እንደሆነች ከፊታቸው ይነበባል። ነገር ግን የታልዲኮርጋንን መንገድ በክረምት ያውቁታል፤ ከዳር እስከ ዳር ጉድጓድ ነው። የ«ስፖርት» ቸርኬ ትልቅ፣ ጎማዋ ደግሞ ስስ ነው። ያ ጠንካራ አሞርዛተር እዚያ መንገድ ላይ ልጃቸውን ያደቅቃት እንደሁ፣ ጎማው በሜዳ መሐል ይፈነዳባት እንደሁ፣ ቸርኬውን በትንሽ መለወጥ ፍሬኑ ይፈቅድ እንደሁ ያሳስባቸዋል። ቫዲምን ጠየቁት። ቫዲም «ሁለቱም በጣም ምርጥ ናቸው፣ ጋሼ» አለ። አባቴ በሐዘኔታ አዩትና «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብለው ወጡ።

በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። ስልካቸውን አውጥተው ቆመዋል። ቡና አምጣልኝ ብዬ ቫዲምን ገለል አደረግሁትና ወደ በሩ ተጠጋሁ። ስክሪኑ ላይ «ዋርሳዬ ሰይልካን» ይላል። በቤት ውስጥ «ያ ሰውዬ» የሚሉዎት አባቴ በስልካቸው ውስጥ ስምዎን አልለወጡትም፤ «ዬ»ዋን እንኳ አላነሡባትም። አውራ ጣታቸው ስምዎ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ ኮታቸውን አስተካክለው ገቡ።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እንመለሳለን። የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት።»

«ማንን?» አለች አክስቴ፣ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ዓይኗን ወደ እኔ እየጣለች።

«ምነው፣ አገሩ ሰው አጣ እንዴ!» አሉና ቀድመውን ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። አባቴ ደውለው «ተሸንፌአለሁ፣ ና» አይሉም። እርስዎም ሳይጠሩ መጥተው በራቸውን አያንኳኩም። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ለማለት እችል ነበር፣ ግን እውነት አይሆንም፤ ሁለታችሁም ግትሮች ናችሁ። እኔ ደግሞ አንዳችሁ ይቅርታ እንዲጠይቅ በመብት ማስገደድ አልፈልግም። ይቅርታ በመብት ከተወሰደ ይቅርታነቱ ይቀራል። ወጋችን ግን ለእንደዚህ ዓይነት ግትሮች ያዘጋጀው በር እንዳለ ዛሬ ጠዋት ሻይ ላይ አረጋገጥኩ። እናቴ ምስክር ናት።

«አባዬ፣ አንድ የሕግ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የእህት ልጅ መብቷን ስትጠይቅ፣ አጎቷ ወደማይወደው ቤት መሄድ የሚኖርበት ቢሆንስ?»

«ይሄዳላ። መብት መብት ነው።»

«የቤቱ ባለቤትስ በር ቢዘጋበት?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በእህት ልጅ መብት በመጣ ሰው ላይ በር የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው? እንኳን በር ሊዘጋ፣ የክብር ቦታ ነው የሚሰጠው።»

«ስለዚህ አጎትየው የመጣው ወዶ አይደለም ማለት ነው።»

«አይደለም።»

«ባለቤቱም የተቀበለው ወዶ አይደለም።»

«ምን አማራጭ አለውና!» አሉ አባቴ፣ ስኒያቸውን መልሰው እያነሡ። «ሁለቱም ተገደው ነው።»

እናቴ አንድ ነገር ረሳሁ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ሳቋን ግን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሰማነው። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም ነበር፤ ማንም ሊከፍተው አልተነሣም።

ስለዚህ አጎቴ፣ ማንም አልተሸነፈም። እርስዎ የሚመጡት እኔ ስላስገደድኩዎ ነው፤ እሳቸው የሚቀበሉዎ ወግ ስላስገደዳቸው ነው። ቅዳሜ እርስዎ መሪውን ይይዛሉ፣ አባቴ ጋቢና ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አፌን እዘጋለሁ። ጉድጓድ ያለበትን መንገድ ፈልገው ይንዱባት፤ በውድድር ሜዳ እንደሚያደርጉት ሳይሆን ልጃገረድ በጥር ወር ብቻዋን እንደምትነዳት አድርገው። ከዚያ እውነቱን ለአባቴ ይንገሩ። «ልዩ» ትሻላለች ካሉ «ልዩ»ን እወስዳለሁ፤ አክስቴ ትመርቅዎታለች። እኔ ግን ልቤ የት እንዳለ ነግሬዎታለሁ።

አክስቴ ትናንት ሐሳቤን ስነግራት «ሦስተኛ መብትሽን ለመኪና ደረጃ ልታባክኚው? እብድ! ፈረስ ጠይቂው፣ ምንጣፍ ጠይቂው!» አለችኝ። ምን እንደምጠይቅ ጠንቅቄ አውቃለሁ ብዬ መለስኩላት።

መብቴ በዚህ ስላለቀ የሚቀጥለውን የምጠይቅዎ እንዲያው በልመና ነው። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቀልድ ይቅር። ከዚያ በኋላ እንደወደዱ፤ እንዲያውም አባቴ ቀልድዎን ሳይናፍቁት አልቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚያ ቁጥር ግን አንድም ቃል እንዳይናገሩ፣ እስከ ዕለተ ሞትዎ ድረስ።

እዚህ ላይ ደርሼ ስሜን ልፈርም ስል አባቴ በሩን አንኳኩ። ደብዳቤውን አይተው እንዳላዩ ሆኑና በመስኮቱ በኩል ግቢውን ሲመለከቱ ቆዩ።

«ለካራጋንዳው ሰውዬ ነው?»

«አዎ።»

«ስለ ቸርኬው ጻፍሽለት?»

«ጽፌአለሁ።»

«ስለ አሞርዛተሩስ?»

«ስለ እሱም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊወጡ ዞሩ፤ እጀታውን ጨብጠው ቆሙ።

«ባቡሩ ውስጥ የሚሸጡት ሥጋ አይረባም» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «መንገድ ላይ እንዳይበላ በይው። በግ አሳርዳለሁ።»

ቃላቸውን ሳልጨምርበት ሳልቀንስበት አድርሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ላይ የምጠብቅዎ፣
የእህትዎ ልጅ ዛውሬ